የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሥራውን የሚሠራ ማሸጊያ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ምርት ማሸጊያ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች የጻፉልን ዲዛይኑ ካለቀ፣ አንዳንዶቹም ብዙ ሺህ ፍሬ ካሳተሙ በኋላ ነው። ችግሮቹ ይለያዩ እንጂ ምንጫቸው ይቀራረባል፤ ሥራው ሲጀመር ዕቃው ራሱ፣ የሚታተምበት ወረቀትና የሚጓዝበት መንገድ ጠረጴዛው ላይ አልነበሩም። መልሶቻችንም ከሥዕሉ ይልቅ ወደ እነዚህ ያደላሉ።

ጥያቄ፦ አዲሱ የፈሳሽ ሳሙና ማሸጊያችን ላሳየነው ሰው ሁሉ ያምራል። መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ግን ከሌሎቹ መሃል ጠፍቶ ይቀራል። ጥሩ ዲዛይን ታዲያ የሚባለው ምንድን ነው?

መልስ፦ ለሰው ያሳያችሁት ምናልባት ብቻውን፣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ወይም በኮምፒውተር አጉልታችሁ ይሆናል። ገዢ እንደዚያ አያየውም። ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ፣ እየተራመደ፣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ በብዙ ተመሳሳይ ዕቃዎች መሃል ነው የሚያየው። ከዚያ ርቀት የፊት ገጹ አራት ነገር በቅደም ተከተል መናገር አለበት፦ ምን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ፣ ከዓይነቶቹ የትኛው እንደሆነና ምን ያህል እንደሚይዝ። የታወቀ ስም ያለው አምራች ስሙን ማስቀደም ይችላል። ገና ያልታወቀ ግን «ምንድን ነው?» የሚለውን ቢያስቀድም ይሻለዋል፤ ሰው የማያውቀውን ስም ፈልጎ አይመጣምና።

ከእነዚህ አራት ውጪ ፊት ለፊት የሚገባ ነገር ሁሉ ቦታው ይገባኛል ብሎ መከራከር አለበት። «አዲስ»፣ «ተፈጥሯዊ»፣ «የተሻሻለ» የሚሉ ሦስት አራት ክቦች ሲደረደሩ ዓይን ማረፊያ ያጣል። አንድ ነገር ትልቅ ይሁን፣ ሌላው ይከተለው። ዋናው ጽሑፍ ከሚቀጥለው እጥፍ ያህል ካልበለጠ ከርቀት ሁለቱ እኩል ሆነው ይታያሉ።

ይህን ለመፈተሽ ወጪ አያስፈልግም። የፊት ገጹን በእውነተኛ መጠኑ አትማችሁ ጠርሙስ ላይ ለጥፉና ከተፎካካሪ ምርቶች መሃል አስቀምጡት፤ ከሦስት ሜትር ላይ በስልክ ፎቶ አንሱ። ፎቶው ውስጥ የእናንተን ወዲያው ካላገኛችሁት ገዢም አያገኘውም። ቀጥሎ ያንኑ ፎቶ ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ስሙ ከመደቡ ጋር ከተዋሃደ፣ ሁለቱን የለያቸው የቀለም ዓይነት ብቻ ነበር ማለት ነው። የብርሃንና የጨለማ ልዩነት ስለሌላቸው በደብዛዛ መብራት ሥር ይጠፋሉ፤ ቀይና አረንጓዴ መለየት ለሚቸግረው ሰውም እንዲሁ። በመጨረሻ ምርቱን ለማያውቅ ሰው ለ3 ሰከንድ አሳይታችሁ ሸፍኑትና «ምን ነበር?» በሉት። «ያምራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ፊት ለፊት ተጠይቆ አያምርም የሚል ጥቂት ነው።

አንድ ምርት በርካታ ዓይነት ካለው ስሙና አቀማመጡ በሁሉም ላይ አንድ ይሁን፤ የሚለዋወጠው ዓይነቱን የሚነግረው ክፍል ብቻ ሆኖ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ይቀመጥ። መለያው ቀለም ብቻ አይሁን፤ ቃልና ሥዕልም ይጨመርበት።

የታወቀ ማሸጊያን መቀየር ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ትሮፒካና የተባለው የአሜሪካ የብርቱካን ጭማቂ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ገለባ የተሰካበትን ብርቱካን ከማሸጊያው አንሥቶ በብርጭቆ ጭማቂ ተካው፤ ስሙንም ከታች ወደ ላይ አቁሞ ጻፈው። በሁለት ወር ገደማ ሽያጩ 20 በመቶ ያህል ወረደና ኩባንያው ወደ አሮጌው ተመለሰ። ጭማቂው ያው ነበር፤ ገዢ የሚያውቀው ምልክት ነው የጠፋው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኮካ ኮላ ቀዩን ጣሳ ለበዓል ነጭ ሲያደርገውም ብዙ ሰው ከብርማው ዳይት ኮክ ጋር አምታታው፤ ቀዩ ጣሳ ቶሎ እንዲመለስ ሆነ። ስለዚህ ማሸጊያ ከመቀየራችሁ በፊት ደንበኞቻችሁ ምርቱን ሳያዩ በቃል እንዲገልጹት ጠይቁ። ደጋግመው የሚያነሷቸው ሁለት ሦስት ነገሮች ባሉበት ይቆዩ፤ የቀረውን እንደ ልባችሁ ቀይሩ።

ጥያቄ፦ ስክሪን ላይ ደማቅ ብርቱካናማ የነበረው ቀለማችን ታትሞ ሲመጣ የጠወለገ ሆነ። ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ ነው?

መልስ፦ ምናልባት የማንም አይደለም። ስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየለቀቀ ነው ቀለም የሚያሳየው፤ አርጂቢ የሚባለው ይህ ነው። ማተሚያ ደግሞ በሳያን (ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ)፣ በማጀንታ (ደማቅ ሮዝ)፣ በቢጫና በጥቁር፣ ማለትም በሲኤምዋይኬ፣ ከወረቀቱ ላይ የሚነጥረውን ብርሃን እየቀነሰ ይሠራል። ደማቅ ብርቱካናማ፣ የሚያበራ አረንጓዴና ጥልቅ ሰማያዊ አራቱ ቀለሞች ከሚደርሱበት ክልል ውጪ ይወድቃሉ። ፋይሉ ሲቀየር ወደ ቅርብ ወዳለው ደብዛዛ ቀለም ይሳባሉ። መፍትሔው ዲዛይኑን ከመነሻው በሲኤምዋይኬ መሥራት ነው። ያ ብርቱካናማ የምርታችሁ መለያ ከሆነ ግን ቀድሞ ተቀምሞ የሚመጣ ልዩ ቀለም (ለምሳሌ ፓንቶን) እንደ አምስተኛ ቀለም ይታተም። ተጨማሪ የማተሚያ ሳህን ያስፈልገዋል፣ ወጪም አለው፤ በየኅትመቱ አንድ ዓይነት መውጣቱ ግን ያካክሰዋል።

ወረቀቱም ቀለሙን ይለውጣል። ያልተቀባ፣ ማለትም ላዩ በማለስለሻ ያልተሸፈነ፣ ወረቀት ቀለም ይመጥጣል፣ ስለዚህ ያደበዝዛል፤ የቀለም ናሙና መጽሐፍም ለተቀባና ላልተቀባ ወረቀት ለየብቻ የሚዘጋጀው ለዚህ ነው። የኅትመት ቀለም አብዛኛው ብርሃን ስለሚያሳልፍ ቡናማ ካርቶን ላይ ቢጫ ታትሞ ቢጫ አይሆንም። ቡናማ ካርቶን፣ ብርማ ፊልምና ግልጽ ፕላስቲክ ላይ ደማቅ ቀለም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከሥሩ ነጭ ማሳተም አለበት፤ ያም ነጭ ፋይሉ ውስጥ ራሱን የቻለ ቀለም ሆኖ መቀመጥ ይኖርበታል።

ትንንሽ ጽሑፍ ሁሉ በ100 በመቶ ጥቁር ብቻ ይሁን። ከአራቱ ቀለሞች የተደባለቀ ጥቁር ሳህኖቹ 0.1 ሚሊ ሜትር ሲዛነፉ እንኳ ዳርቻው ጥላ ያወጣል። በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ሆኖ የሚወጣ ቀጭን ጽሑፍም ቀለሙ እየተስፋፋ ይሞላዋል፤ ወፍራም ፎንት ምረጡለት። በግዕዝ ፊደል ሲሆን ይህ ይብሳል፤ ካዕብን ከሣልስ፣ ኃምስን ከሣልስ የሚለዩት ቅጥያዎችና ቀለበቶች ጥቃቅን ስለሆኑ ሲሞሉ ፊደሉ ወደ ሌላ ይቀየራል። ጎን ለጎን ካለው የላቲን ጽሑፍ በአንድ ሁለት ነጥብ ከፍ ማድረግ ይረዳል። በከባድ ጥቁር መደብ ላይ ደግሞ የአራቱን ቀለሞች ድምር ተመልከቱ። በተቀባ ወረቀት ላይ ከ300 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ቶሎ አይደርቅም፣ ከላዩ የሚያርፈውን ወረቀት ያቆሽሻል።

ናሙና በስልክ ፎቶ አይጸድቅም። በእውነተኛው ወረቀት ላይ የታተመውን በቀን ብርሃን ወይም በ5000 ኬልቪን መብራት ሥር፣ ቀጥሎም ሱቅ ውስጥ ባለ ዓይነት መብራት ሥር እዩት። ከዚያ ሦስት ወረቀት ፈርማችሁ አስቀምጡ፦ የሚፈለገው፣ ከዚህ በታች አይፈዝዝ የምትሉትና ከዚህ በላይ አይጠቁር የምትሉት። በሚቀጥለው ኅትመት ክርክር ቢነሣ በትዝታ ሳይሆን በእነዚህ ይዳኛል።

ጥያቄ፦ የክሬም ካርቶናችን ማጠፊያው ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ ጎኑ ያብጣል፤ አንዳንዱ ላይ ጽሑፉ ጠርዝ ላይ ተቆርጧል።

መልስ፦ ሦስቱ የተለያዩ ጥፋቶች ናቸው።

ማበጡ የቃጫ አቅጣጫ ጉዳይ ነው። ካርቶን ሲመረት ቃጫዎቹ በማሽኑ መሄጃ አቅጣጫ ይተኛሉ፤ በዚያ አቅጣጫ ለመጎበጥ እንቢ ይላል፣ በተቃራኒው በቀላሉ ይጎብጣል። ቆሞ ለሚሸጥ ሳጥን ቃጫው ዙሪያውን፣ አራቱን የቁም ማጠፊያዎች አቋርጦ መሄድ አለበት። ብዙ ፍሬ በአንድ ወረቀት ለማስገባት ሲባል ሥራው በ90 ዲግሪ ከዞረ ጎኖቹ ያብጣሉ። ለማረጋገጥ ከካርቶኑ በርዝመትና በወርድ ሁለት እኩል ቁራጮች ቆርጣችሁ አንድ ጫፋቸውን ይዛችሁ አግድም ዘርጓቸው፤ ብዙ የሚያጎነብሰው ቃጫው በወርዱ የተኛበት ነው።

ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ ማጠፊያው በደንብ ስላልተረገጠ ነው። መስመሩ ሳይቆረጥ በብረት ተጨቁኖ፣ በውስጥ በኩል ጎርበጥ ያለ ጉብታ ካልሠራ ወረቀቱ ሲታጠፍ ላዩ ይለጠጥና ይቀደዳል። ማጠፊያው ላይ ያረፈ ጥቁር መደብ ነጩን ስንጥቅ ያጎላዋል፤ የደረቀ አየር ያባብሰዋል። መስመሩን በትክክል ማስረገጥ፣ ፊልም ማልበስ፣ ወይም ማጠፊያው ላይ የሚያልፈውን ቀለም ማቅለል ያድናል። ወፍራም ካርቶን መምረጥ አያድንም፤ ውፍረት ሲጨምር ላዩ የባሰ ይለጠጣል። ለአነስተኛ የክሬም ሳጥን በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ግራም የሚመዝን ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ከባድ የመስታወት ዕቃ ያለበት ወደ 350 እና 400 ይሄዳል።

የተቆረጠው ጽሑፍ የዲዛይነሩ ድርሻ ነው። መደቡ ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይለፍ፤ ጽሑፍና አርማ ከመቁረጫውም ከማጠፊያውም ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይራቁ። ምላጩ ሁልጊዜ በትንሹ ይዛነፋልና ይህ ክፍተት ነው የሚያድነው። ሙጫ የሚቀባበት ምላስ ቀለምም ቫርኒሽም አይንካው፤ ሙጫው ወረቀቱን ሳይሆን ቫርኒሹን ይዞ በኋላ ይላቀቃል። የመቁረጫውን ንድፍ ከሌላ ሳጥን ለክቶ መሥራት አይገባም። ማተሚያ ቤቱ ይስጣችሁ፣ በፋይሉም ውስጥ በማይታተም የራሱ ሽፋን ላይ ይቀመጥ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ያልታተመ ነጭ ሳጥን ከዚያው ካርቶን አስቆርጣችሁ የተሞላውን ዕቃ ክተቱበት። የሳጥን ልክ ሲነገር የውስጡ ነው፤ ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፋል። ከዕቃው በየአቅጣጫው 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይስፋ። ክዳኑን ረስተው የጠርሙሱን ትከሻ ብቻ የሚለኩ አሉ፤ ነጩ ሳጥን ይህን ወዲያው ያጋልጣል።

ጥያቄ፦ ባርኮዳችንን አንዳንድ ሱቅ ያነበዋል፣ አንዳንዱ ጋ ቁጥሩ በእጅ ይገባል።

መልስ፦ መጀመሪያ መጠኑን ለኩ። በችርቻሮ የተለመደው ኢኤኤን-13 ባርኮድ ሙሉ ልኩ ግራና ቀኝ ያለውን ባዶ ቦታ ጨምሮ 37.29 በ25.93 ሚሊ ሜትር ነው። እስከ 80 በመቶ፣ ማለትም 29.83 በ20.74 ድረስ ማሳነስ ይፈቀዳል። ከዚያ በታች ሲወርድ ቀጭኖቹ መስመሮች ለኅትመቱም ለስካነሩም ይከብዳሉ። ቦታ ለመቆጠብ ቁመቱን መከርከም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ስካነሩ ያነበዋል፣ ግን ገንዘብ ያዡ ዕቃውን ቀጥ አድርጎ ከያዘው ብቻ። ባዶው ቦታም ጌጥ አይደለም። በሙሉ ልኩ በግራ 3.63፣ በቀኝ 2.31 ሚሊ ሜትር ንጹሕ ካልሆነ ስካነሩ የት እንደሚጀምር አያውቅም። ዲዛይነሮች ክፈፍ የሚያሰምሩት እዚያው ላይ ነው።

ቀጥሎ ቀለሙ። ብዙ ስካነር በቀይ ብርሃን ስለሚያነብ ቀይ መስመር በነጭ ላይ ለእሱ ባዶ ወረቀት ነው። ብርቱካናማና ቀይ ያለበት ቡናማ መስመርም ያስቸግራል። ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አረንጓዴ መስመሮች ይሠራሉ፤ መደቡ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ እንኳ ቢሆን ችግር የለም። ብርማ ፊልም ብርሃኑን እንደ መስታወት ይመልሳል፣ ግልጽ ጠርሙስ ደግሞ የውስጡን ፈሳሽ መደብ ያደርገዋል፤ ሁለቱም ላይ ከሥር ነጭ ይታተም።

ቦታውም አለ። ባርኮድ ማጠፊያ፣ ስፌትና የታሸገ ጠርዝ ላይ አይረፍ፤ ከጠርዝ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ቀጭን ክብ ጠርሙስ ላይ ሲሆን መስመሮቹ እንደ መሰላል ርብራብ አግድም እንዲተኙ አዙሩት። ቆመው ከሆነ ዳር ያሉት በክቡ ዞረው ከስካነሩ ዓይን ይደበቃሉ። በፍሌክሶ ማሽን (ተለጣጭ ሳህን በሚጠቀም ማተሚያ) የሚታተም ከረጢት ላይ መስመሮቹ ፊልሙ በሚሄድበት አቅጣጫ ይሁኑ፤ ሳህኑ ሲለጠጥ መስመሩ ይረዝማል እንጂ አይወፍርም።

«ስልኬ አንብቦታል» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም፤ የስልክ ካሜራ የተበላሸውንም ታግሶ ያነባል። ማተሚያ ቤቱ በባርኮድ መመዘኛ መሣሪያ አስመዝኖ ደረጃውን ይስጣችሁ፤ ለችርቻሮ ቢያንስ «ሲ» የሚባለው ደረጃ ያስፈልጋል። የተጻፈው የይዘት መጠን ሲቀየር ደግሞ ቁጥሩ አዲስ መሆን አለበት። የ500 ግራሙን ቁጥር ለ450ው መጠቀም የሱቁን መዝገብ ያዛባል።

ጥያቄ፦ የዱቄት ምርታችን ወፍራም ከረጢት ውስጥ ሆኖ በሦስት ወሩ ይጓጉላል። ይበልጥ ማወፈር አለብን?

መልስ፦ ውፍረቱን ከመጨመራችሁ በፊት እርጥበቱ በየት እንደገባ እወቁ፤ ሊገባ የሚችልባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

አንዱ ምርቱ ራሱ ነው። ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ ከታሸገ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ጤዛ ይፈጥራል። የክፍሉ ሙቀት ላይ ሳይደርስ አይታሸግ።

ሁለተኛው ፊልሙ ነው። ፖሊኤትሊን እርጥበትን ደህና አድርጎ ይከላከላል፣ ኦክስጅንንና መዓዛን ግን ያሳልፋል። ናይለን በተቃራኒው ኦክስጅን ይይዛል፣ እርጥበት ላይ ደካማ ነው። አሉሚኒየም ፎይል ሁሉንም ይዘጋል፣ ብርሃንንም ጭምር፤ ሲታጠፍና ሲታሽ ግን በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያወጣል። ለዚህ ነው ንብርብር የሚሠራው፦ ከውጭ 12 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ፔት የተባለ ፕላስቲክ (ኅትመቱ ከውስጥ ገጹ ላይ ስለሆነ አይፋቅም)፣ መሃል ከ7 እስከ 9 ማይክሮን ፎይል፣ ከውስጥ በሙቀት የሚጣበቀው ከ60 እስከ 100 ማይክሮን ፖሊኤትሊን። በፎይሉ ፋንታ ብረት የተረጨበት ፊልም ርካሽ ነው፣ መከላከሉ ግን መካከለኛ ነው። ውጩ ቡናማ ወረቀት የሆነ ከረጢት ጥሩ ይመስላል፤ ወረቀቱ በራሱ ግን ምንም አይከላከልም፣ የሚከላከለው ከኋላው ያለው ንብርብር ነው። 150 ማይክሮን ተራ ፖሊኤትሊን ይዘው ፎይል ካለበት 80 ማይክሮን ከረጢት የባሰ እርጥበት የሚያስገቡ ብዙዎች ናቸው።

ሦስተኛውና እጅግ የተለመደው የታሸገው ጠርዝ ነው። ጠርዙ ላይ የቀረ ዱቄት ሁለቱን ፊልም እንዳይገናኙ ያደርጋቸዋል። ከላይ በቂ ባዶ ቦታ ተዉ፣ ጠርዙን ጥረጉ፣ የሚጣበቀውም ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይስፋ። የማሸጊያ ማሽኑን ስታስተካክሉ ሙቀት፣ ጫናና ጊዜ አብረው አይነኩ። ጫናውንና ጊዜውን አጽንታችሁ ሙቀቱን በ5 ዲግሪ እየጨመራችሁ በየደረጃው ከረጢት እያሸጋችሁ ሲቀዘቅዝ በእጅ አላቁት። ሙቀቱ ሲያንስ ንጣፎቹ ተላቀው ይለያያሉ፤ ሲበዛ ጠርዙ ይሳሳና ከአጠገቡ ይቀደዳል። ፊልሙ እየተለጠጠ የማይላቀቅባቸውን ሙቀቶች አግኙና መሃላቸው ላይ ሥሩ።

የታሸገውን ከረጢት ውኃ ውስጥ አጥልቃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ጫኑት፤ አረፋ ከወጣ ቀዳዳ አለ። አረፋ ካልወጣ ጥቂት ከረጢቶችን እርጥበት ያለበት ክፍል ውስጥ አስቀምጣችሁ በትክክለኛ ሚዛን በየሳምንቱ መዝኑ። ክብደታቸው እኩል በእኩል ከጨመረ ፊልሙ ነው፤ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ከጨመረ ጠርዙ ነው። እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢት መጨመር የሚያፈስ ጠርዝን አይፈውስም፤ በጥቂት ቀን ይጠግባል።

ጥያቄ፦ መጋዘን ውስጥ ከታች ያሉት ትልልቅ ካርቶኖች ይደቃሉ። ሲደረደሩ ደህና ነበሩ።

መልስ፦ ካርቶን ዛሬ የቻለውን ሸክም ከወር በኋላ ላይችል ይችላል፤ የማያቋርጥ ጫና ሥር ቀስ እያለ ይረታል። ስለዚህ የሚታሰበው ጥንካሬ ከሸክሙ ብዙ እጥፍ ነው። ካርቶናችሁ 8 ኪሎ ቢሆንና 6 ቢደራረብ የታችኛው 5 ካርቶን፣ 40 ኪሎ፣ ይሸከማል። በ4 አባዙትና 160 ኪሎ ጫና የሚችል እዘዙ። አየሩ በጣም እርጥብ ከሆነ ባለ ሞገዱ ካርቶን ጥንካሬውን እስከ ግማሽ ሊያጣ ስለሚችል ማባዣው ከ4 ከፍ ይበል።

የካርቶን ጉልበት ማዕዘኖቹ ላይ ነው። አራቱ ማዕዘኖች በአራቱ ላይ ቀጥ ብለው ሲያርፉ ነው የሚሸከመው። ክምሩ እንዳይናድ ብሎ ማጠላለፍ ጉልበቱን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል፤ ቀጥ አድርጋችሁ ደርድሩና የላይኛውን ረድፍ ብቻ አጠላልፉ፣ ወይም በፊልም ጠቅልሉት። ከፓሌቱ (ካርቶኖቹ ከሚደረደሩበት መድረክ) ጠርዝ ወጥቶ የሚንጠለጠል ካርቶንም አንድ ጎኑ ባዶ ላይ ነው። የሞገዱ መስመሮች ከታች ወደ ላይ መቆማቸውን እዩ፤ ተኝተው የተቆረጡ ከሆነ ካርቶኑ ሳይጫንም ደካማ ነው። የእጅ መያዣ ቀዳዳ ከማዕዘን ይራቅ። የሞገዱ ዓይነት ለቀላል ዕቃ «ቢ» (ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ) ወይም «ሲ» (4 ገደማ)፣ ለከባዱ ሁለቱ የተነባበሩበት ቢሲ (7 ገደማ) ነው።

ለመንገድ ደግሞ ጣሉት። ኢስታ 1ኤ በሚባለው የማጓጓዣ ሙከራ ከ10 ኪሎ በታች የሆነ ካርቶን ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 10 ጊዜ ይጣላል፦ 1 ጊዜ በማዕዘኑ፣ ከዚያ ማዕዘን በሚነሡት 3 ጠርዞች፣ ከዚያም በ6ቱ ገጾች። ከ10 እስከ 19 ኪሎ ለሆነው ከፍታው 61 ሴንቲ ሜትር ነው። ውስጡ ያለው ሲሰበር ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ካርቶኑ መሳሳቱ ሳይሆን ዕቃው መንቀሳቀሱ ነው። ካርቶኑን ስትነቀንቁት ድምፅ ካለ ክፍተቱን ሙሉ።

ጥያቄ፦ በዕድሜ የገፉ ደንበኞቻችን ክዳኑ አልከፈት፣ ጽሑፉ አልነበብ ብሏቸዋል።

መልስ፦ ክዳኑ ሰፋ፣ ረዘም ይበል፣ ዙሪያው የቁም ጭረት ይኑረው፤ እርጥብ እጅ ለስላሳ ክዳን አይጨብጥም። ከረጢት ከሆነ የመቅደጃው ስንጥቅ በሁለቱም ጎን ይሁን፣ ሲቀደድም የመጠቀሚያ ጊዜውን ቁርጥ አድርጎ እንዳይሄድ ተጠንቀቁ። ወፍራም ፈሳሽ ከሆነ ክዳኑ ወደ ታች የሚቆም ጠርሙስ አስቡ፤ ሄንዝ ኬቻፑን እ.ኤ.አ. በ2002 የገለበጠው ደንበኞች ቀድሞውንም ጠርሙሱን ገልብጠው ስለሚያስቀምጡት ነው።

ጽሑፉን በተመለከተ የአውሮፓ ኅብረት የምግብ መለያ ሕግ ለግዴታ መረጃዎች የላቲኑ ትንሽ ፊደል «x» ቁመት ቢያንስ 1.2 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ ገጹ ከ80 ካሬ ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ማሸጊያ 0.9 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ያዛል። ይህ ወለሉ ነው፤ ለአረጋዊ ዓይን ከዚያ በላይ ስጡ። ቀንና የባች (የምርት ዙር) ቁጥር የሚታተምበት ቦታ ቫርኒሽ የሌለበት፣ ፈዘዝ ያለ መደብ ይሁን፤ አለዚያ ቀለሙ በጣት ይጠረጋል። ለሕፃን አደገኛ የሆነ ፈሳሽ ከሆነ ግን ቅለቱን ተዉት፤ ጫን ብሎ በመጠምዘዝ የሚከፈት ክዳን ይደረግበት፣ ጠርሙሱም የመጠጥ ጠርሙስ አይምሰል።

ጥያቄ፦ ማሸጊያችን መልሶ ጥቅም ላይ እንዲውል እንፈልጋለን። ወደ ወረቀት እንቀይር?

መልስ፦ ወረቀት ከሆነ ብቻውን ወረቀት ይሁን። ፕላስቲክና ፎይል የተለበጠበት ወረቀት ከንጹሕ ፕላስቲክ ይልቅ ለመለየት ያስቸግራል። ዋናው ደንብ አንድ ዕቃ ከአንድ ዓይነት ቁስ መሠራቱ ነው። ለፔት ጠርሙስ የፖሊኤትሊን ወይም የፖሊፕሮፒሊን መለያ ጥሩ ነው፤ ተፈጭቶ ሲታጠብ እነሱ ይንሳፈፋሉ፣ ፔቱ ይሰጥማል። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ግን አብሮ ስለሚሰጥም ጠቅላላውን ያበላሻል። ጠርሙሱን ከላይ እስከ ታች የሚያለብስ መለያ መለያውን እንጂ ጠርሙሱን ቁሶችን በዓይነታቸው ለሚለየው ማሽን አያሳየውም። በካርቦን የጠቆረ ፕላስቲክንም በኢንፍራሬድ የሚሠሩት ማሽኖች አይለዩትም። ከሁሉ በላይ ግን የታሸገው ምርት ተበላሽቶ ከተጣለ ማሸጊያው ያተረፈው የለም፤ ዱቄቱን ከሚያጓጉል የወረቀት ከረጢት ዱቄቱን የሚጠብቀው ይሻላል።

ጥያቄ፦ ብዙ ፍሬ ላዝ ነው። ከመፈረሜ በፊት ምን ልይ?

መልስ፦ በእውነተኛው ወረቀት የታተመ፣ በእውነተኛው መስመር የተቆረጠና የተጣበቀ ናሙና ይጠይቁ። ዕቃዎን ሞልተው በሚታሸግበት መንገድ ያሽጉት፤ በማሽን ከሆነ በማሽኑ፣ ምክንያቱም በእጅ ደህና የታጠፈ ካርቶን ማሽኑ ላይ ሊያሰናክል ይችላል። የተጣራውን ይዘት፣ ግብዓቶቹን፣ ቀኑን፣ አድራሻውንና ባርኮዱን ዲዛይኑን ያልሠራ ሰው ከዋናው ሰነድ ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክር፤ የዲዛይነሩ ዓይን የራሱን ስሕተት ስለለመደ አያየውም። ፎንቶቹ ወደ ሥዕል መስመር መቀየራቸውንና ፎቶዎቹ በሚታተሙበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) መሆናቸውን ይጠይቁ። ፊደል ሳይቀየር ከቀረ ማተሚያ ቤቱ ጋ ሲከፈት ጽሑፉ በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ሊተካ ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሳትሙ ከሆነ ከጥቂት ወራት በላይ የሚበቃ አይዘዙ። በብዛት ሲታዘዝ የአንዱ ዋጋ መቀነሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ማሸጊያ ላይ የሚታረም ነገር አይጠፋም። ፈርመው ሲያስረክቡም የናሙናውን ጥንድ ለራስዎ ያስቀሩ፤ ሳጥኖቹ ሲመጡ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች እያወጡ ከእሱ ጋር ያስተያዩ።